ያለ ደመወዝ የተጠበቀ ዕውቀት፤ የፓራሹት መሐንዲሶች የቴክኒክ ኮሚቴ ታሪክ

በ1837 ጁላይ 24 ቀን ሮበርት ኮኪንግ የተባለ እንግሊዛዊ ሠዓሊ በለንደን ከተማ ከቮክስሆል መናፈሻ በባሎን ሥር ተንጠልጥሎ ወደ ሰማይ ወጣ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዕድሜው 61 ዓመት ነበር። የተሳፈረበት ራሱ ያሰበው ፓራሹት ሲሆን፣ ቅርጹ ነፋስ እንደ ገለበጠው ጃንጥላ አፉ ወደ ላይ የተከፈተ ነበር። ለዚህ ቅርጽ በቂ ምክንያት ነበረው። ፈረንሳዊው አንድሬ ዣክ ጋርኔሬን በ1797 በፓሪስ ከባሎን ላይ በፓራሹት በወረደ ጊዜ፣ ፓራሹቱ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ ክፉኛ አንገላትቶት ነበር። የበረራ ሳይንስ ሊቅ የነበረው ጆርጅ ኬይሊም የተገለበጠ ሾጣጣ ቅርጽ ይህን ውዝዋዜ እንደሚያስቀር ጽፎ ነበር። ሐሳቡ ስሕተት አልነበረም። ነገር ግን ኮኪንግ ሲያሰላ ከ100 ኪሎ ግራም የማያንሰውን የፓራሹቱን የራሱን ክብደት ከሒሳቡ አላገባም፤ ስፌቱም ደካማ ነበር። ከባሎኑ ከተለየ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ፓራሹቱ በአየር ላይ ተሰባበረ፤ ሰውየውም ሞተ።

ኮኪንግ የኬይሊን ጽሑፍ ያውቅ ነበር፤ ድፍረትም አላነሰውም። ያጣው ስሌቱን በሙያ ዓይን መርምሮ የተረሳውን ነገር የሚያመለክተው የሥራ ባልደረባ ነው። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ባልደረባ ሊኖረው አይችልም ነበር፤ የፓራሹት መሐንዲስ የሚባል ሰው ገና አልተፈጠረምና። ከመቶ ሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ግን ይህን ሥራ፣ ማለትም የሌላውን ስሌት መመርመርን፣ የአንዱን ውድቀት ለሌላው ማስታወቅን፣ አንዳች ደመወዝ ሳይከፈላቸው የሚያከናውኑ ሰዎች በአሜሪካ አገር በኮሚቴ ተደራጅተው ይገኙ ነበር።

ኮሚቴው ስለ ምን እንዳስፈለገ ለመረዳት የፓራሹትን ጠባይ መመልከት ይገባል። ፓራሹት ለተመልካች ጨርቅና ገመድ ነው። ለመሐንዲሱ ግን ከአውሮፕላን ክንፍ ይልቅ አስቸጋሪ ነገር ነው። የክንፍ ቅርጽ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ነፋስ በላዩ ቢያልፍም ክንፍ ሆኖ ይቆያል። ፓራሹት ግን ቅርጹን የሚያገኘው ከነፋሱ ነው፤ የነፋሱም አካሄድ በተራው በፓራሹቱ ቅርጽ ይለወጣል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ፓራሹቱ ከከረጢቱ ወጥቶ አየር እስኪሞላው ድረስ ባለችው አጭር ጊዜ ሲሆን፣ ገመዱና ስፌቱ ከሁሉ የበለጠውን ጉልበት የሚሸከሙትም በዚያችው ቅጽበት ነው። በነፋስ ዋሻ ውስጥ በትንሽ ሞዴል የተገኘ ውጤት ለትልቁ ፓራሹት እንዳለ አያገለግልም፤ ትንሹ ጨርቅ ከመጠኑ አንጻር ከትልቁ ይልቅ ደረቅና አልታጠፍ ባይ ነውና። ኮምፒዩተር ከመጣ በኋላም ቢሆን ችግሩ እየቀለለ ሄደ እንጂ አልተወገደም። ስለዚህ የዚህ ሙያ ዋነኛ ሀብት የሙከራ መዝገብ ነው። ከመዝገቡም ውስጥ ይበልጥ ዋጋ ያለው፣ የተቀደደው ፓራሹት የተመዘገበበት ገጽ ነው። ይህን ገጽ ደግሞ ማንም ድርጅት በፈቃዱ ለተፎካካሪው አያሳይም።

ሙያው ጠባብ ነው፤ የትውልድ ሐረጉንም ለመከተል አያስቸግርም። በ1930ዎቹ ዓመታት በጀርመን አገር በሽቱትጋርት የበረራ ቴክኒክ ተቋም ጌኦርግ ማደሉንግና ቴዎዶር ክናከ የጥብጣብ ፓራሹት የሚባለውን ፈጠሩ። ይህ ፓራሹት እንደ ወትሮው ከወጥ ጨርቅ በመሠራት ፈንታ ክፍተት እየተተወላቸው ጎን ለጎን ከተሰፉ ጥብጣቦች የተሠራ ሲሆን፣ አየሩ በየክፍተቱ ስለሚያልፍ አይወዛወዝም፤ ሲከፈትም የሚያርፍበት ጉልበት ይቀንሳል። በፍጥነት የሚያርፍን አውሮፕላን ለማቆም የተመቸ ሆኖ ተገኘ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ክናከ ከሌሎች የጀርመን ሊቃውንት ጋር ወደ አሜሪካ ተወስዶ በኦሃዮ በራይት ፊልድ የአየር ኃይል ማዕከል ሥራውን ቀጠለ። ሌላው የጀርመን ሊቅ ሄልሙት ሃይንሪክም እንዲሁ ወደ አሜሪካ ሄዶ፣ በኋላ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ። በካሊፎርኒያ በረሃ በኤል ሴንትሮ የጦር ኃይሎች የጋራ የፓራሹት ሙከራ ጣቢያ ተቋቋመ፤ የሕዋ መንኮራኩሮችን ያሳረፉ ፓራሹቶች ብዙዎቹ የተሞከሩት እዚያ ነው።

የአሜሪካ አየር ኃይል በ1951 የፓራሹት መመሪያ መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1956ም አሻሽሎ አወጣው። በ1963 እና በ1978 ሌሎች ሰፋፊ መጻሕፍት ተከተሉ። እነዚህ መጻሕፍት ጠቃሚ መሆናቸው አያጠራጥርም። ሆኖም በአንዱ መጽሐፍና በሌላው መካከል ያለው ጊዜ እስከ አሥራ አምስት ዓመት ይደርሳል። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ በአንዱ ጣቢያ ተቀድዶ የወደቀው ፓራሹት ታሪክ ሌላው ጣቢያ ሳይደርስ ሊቀር፣ ያው ስሕተት በሌላ ሰው እጅ እንደገና ሊፈጸም ይችላል። ክፍተቱን የሚሞላው የሰዎች መገናኘት ብቻ ነበር።

በ1963 የአሜሪካ የሮኬት ማኅበርና የኤሮስፔስ ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተዋሕደው የአሜሪካ የኤሮኖቲክስና አስትሮኖቲክስ ኢንስቲትዩት የተባለውን የሙያ ማኅበር መሠረቱ። ማኅበሩ ልዩ ልዩ የሙያ ዘርፎችን የሚከታተሉ የቴክኒክ ኮሚቴዎች አሉት፤ ከነዚህም አንዱ ፓራሹትንና መሰል ፍጥነት መቀነሻ መሣሪያዎችን የሚመለከተው ነው። በማኅበሩ ስም የመጀመሪያው የፓራሹት ሊቃውንት ጉባኤ በ1966 በሂውስተን ተደረገ። ሁለተኛው በ1968 በኤል ሴንትሮ፣ ሦስተኛው በ1970 በዴይተን ከተማ ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ በየሁለትና በየሦስት ዓመቱ፣ አልፎ አልፎም ከዚያ በዘገየ ጊዜ፣ ሲካሄድ ኖሯል።

የዚህ ኮሚቴ ሊቀ መንበር መሆን ምን ዓይነት ሥራ ነው? በመጀመሪያ ደመወዝ የለውም። ሊቀ መንበሩ በቀን የሚሠራው በአንድ ኩባንያ፣ በአንድ የመንግሥት ቤተ ሙከራ ወይም በአንድ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የኮሚቴውን ደብዳቤ የሚጽፈው ከሥራ ሰዓት ውጭ ነው። አባላቱም እንዲሁ። ለስብሰባ የሚጓዙበትን ወጪ የሚሸፍነው አሠሪያቸው ሲሆን፣ አሠሪው በጀት ባጠረው ዓመት ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰርዘው ይህንኑ ወጪ ነው። ሊቀ መንበሩ የሚቀጣው፣ የሚያሳድገው ወይም ከሥራ የሚያሰናብተው ሰው የለም። ቃል የተገባለት ጽሑፍ በቀኑ ባይደርስ ሊያደርግ የሚችለው ደግሞ መጠየቅ ብቻ ነው። የዕድር ዳኛ ወይም ጸሐፊ ሆኖ ያገለገለ አንባቢ ይህን ዓይነት ሥልጣን ሳይነገረው ያውቀዋል፤ ዳኛው በእጁ ያለው ኃይል የአባላቱ ይሉኝታ ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚከብደው ግን በጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጡት ሰዎች ማንነት ነው። ሁለቱ ለአንድ የመንግሥት ሥራ የሚጫረቱ ኩባንያዎች መሐንዲሶች ሊሆኑ ይችላሉ። ሌላው በኒው ሜክሲኮ ከሚገኘው ከሳንዲያ ቤተ ሙከራ የመጣ ሲሆን፣ የዚያ ቤተ ሙከራ ፓራሹቶች ከአውሮፕላን የሚጣል የኑክሌር ቦምብን ለማዘግየት የሚሠሩ ናቸው። አራተኛው የጠፈርተኞችን መንኮራኩር፣ አምስተኛው ከአውሮፕላን የሚጣል ጭነትን ይከታተላል። እያንዳንዱ የሚያውቀው ነገር አለ፤ ከሚያውቀውም እንዳይናገር የተከለከለው ነገር አለ። አንድ ጽሑፍ በጉባኤ ላይ ከመነበቡ በፊት በአሠሪው፣ እንደ ጉዳዩም በመንግሥት ፈቃድ ሰጪዎች መመርመር አለበት። ስለዚህ ኮሚቴው የጽሑፎችን አጠቃሎ ተቀብሎ ከመመርመሩ ሌላ፣ ሳይነገር የሚሠራው ሥራ ነበረው። ይኸውም ጸሐፊው ምስጢር ሳያወጣ፣ ኩባንያውንም ሳያሳፍር፣ ውድቀቱን ለሙያው በሚጠቅም አኳኋን እንዲጽፈው ማግባባት ነው። ፓራሹቱ በየትኛው ቦምብ ላይ እንደ ነበረ መናገር አያስፈልግም፤ ስፌቱ በየትኛው ፍጥነትና በየትኛው ጉልበት እንደ ተበጠሰ መናገር ግን ያስፈልጋል። ይህን መለየት የሚችል ሊቀ መንበር ሙያውንም ሰውንም ማወቅ አለበት። የተሳካ ሙከራ ብቻ የሚነበብበት ጉባኤ ለዚህ ሙያ ከንግድ ትርዒት አይሻልም።

ነገሩ የሰው ሕይወት እንደሚነካ ለማስረዳት ሁለት ታሪኮችን ማነጻጸር ይበቃል። በ1967 አፕሪል 24 ቀን የሶቪየት ጠፈርተኛ ቭላዲሚር ኮማሮቭ በሶዩዝ 1 መንኮራኩር ወደ ምድር ሲመለስ፣ ረዳቱ ፓራሹት ዋናውን ፓራሹት ከማኅደሩ ስቦ ማውጣት አቃተው። መጠባበቂያው ቢወጣም ካልተላቀቀው ረዳት ፓራሹት ጋር ተጠላልፎ ሳይከፈት ቀረ። ኮማሮቭ ሞተ። ሦስት ሰዎች ይዞ ተከትሎት ሊመጥቅ ታስቦ የነበረው ሶዩዝ 2 ያንኑ የፓራሹት መሣሪያ የጫነ ነበር፤ በሌላ ምክንያት በረራው ስለ ተሰረዘ ሦስቱ ሰዎች ተረፉ። የአደጋው ዝርዝር ለረጅም ዓመታት ከአገሪቱ ውጭ ላለ የሙያ ሰው በግልጽ አልተነገረም። በሌላ አገር ተመሳሳይ ማኅደር የሚነድፍ መሐንዲስ ከዚያ ሞት ሊማር የሚችለው ነገር አልነበረም።

ሁለተኛው ታሪክ የአፖሎ 15 ነው። በ1971 ኦገስት 7 ቀን መንኮራኩሩ ሦስት ጠፈርተኞችን ይዞ ወደ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ሲወርድ፣ እያንዳንዳቸው 25 ሜትር ያህል ስፋት ያላቸው ሦስቱም ዋና ፓራሹቶች ተከፈቱ፤ ከዚያም አንደኛው ተጨማደደ። ንድፉ በሁለት ፓራሹት ማረፍን አስቀድሞ ያሰበ ስለ ነበረ ጠፈርተኞቹ በሰላም ወረዱ። የተበላሸው ፓራሹት ከባሕር ሊገኝ ስላልቻለ፣ መርማሪዎቹ በፎቶግራፍና በምድር ላይ በተደረገ ሙከራ ምክንያቱን ፈለጉ። በመውረጃው ጊዜ ከመንኮራኩሩ የሚደፋው ቀሪ ነዳጅ ተቀጣጥሎ የፓራሹቱን ማሰሪያ ሳያቃጥለው እንዳልቀረ ደመደሙ። በምርመራው ላይ የማያያዣ ዘለበቶቹ ብረትም ጉድለት እንዳለበት ታየ። የነዳጁ አደፋፍ ተሻሻለ፤ የዘለበቶቹም ብረት ተለወጠ። ይህ ሁሉ ተጽፎ ታተመ፤ የአፖሎ ማረፊያ መሣሪያ የሥራ ልምድ ጽሑፍ በ1973 ወጥቶ ለማንኛውም የሙያ ሰው ደረሰ። ሁለቱን የለየው የመሐንዲሶቹ ችሎታ ነው ማለት አይቻልም፤ የሶቪየት ፓራሹት ሊቃውንት ከማንም አያንሱም ነበር። ልዩነቱ ውድቀት ከተፈጸመ በኋላ ወረቀቱ የት እንደ ደረሰ ነው።

በጎ ፈቃደኞች የያዙት ሌላም መስክ አለ፤ እሱም የሰው ፓራሹት የጥራት መለኪያ ነው። አብራሪና ዘላይ በጀርባቸው የሚሸከሙት የመጠባበቂያ ፓራሹት ማለፍ የሚገባውን ፈተና የሚወስነው የአሜሪካ መለኪያ በ1949 ኤን.ኤ.ኤስ. 804 በሚል ቁጥር ወጣ። በኋላም የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር ያዘጋጀው መለኪያ ተተካ። በ2012 የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ደንቡን ሲያድስ የፓራሹት ኢንዱስትሪ ማኅበር የቴክኒክ ኮሚቴ ያዘጋጀውን መለኪያ ተቀብሎ አጸደቀ። እዚህ ላይ የሊቀ መንበሩ ችግር መልኩን ይለውጣል። ጉባኤ የሚያዘጋጅ ሰው የሚለምነው ጽሑፍ ነው፤ መለኪያ የሚያዘጋጅ ሰው የሚለምነው ስምምነት ነው። በስብሰባው ያሉት ነጋዴዎች ናቸው፤ የሚጽፉት ደንብ ነገ የራሳቸውን ምርት ይፈትናል። አንድ ተጨማሪ የመጣል ሙከራ በተጠየቀ ቁጥር ትንሹ አምራች ከትልቁ ይልቅ ይጎዳል፤ ሙከራው በቀረ ቁጥር ደግሞ የሚጎዳው በስብሰባው ላይ ያልተገኘው ዘላይ ነው። በድምፅ ብልጫ ብቻ የሚወስን ሊቀ መንበር ደንቡን ያወጣ ይሆናል፤ የተሸነፉትን ግን በሚቀጥለው ስብሰባ አያገኛቸውም።

ወደ ጉባኤው ኮሚቴ እንመለስ። ከአፖሎ ፍጻሜ በኋላ ሥራው ቀዘቀዘ። በኤል ሴንትሮ የነበረው የፓራሹት ሙከራ ሥራ በ1970ዎቹ መጨረሻ ወደ ቻይና ሌክ ተዛወረ። ኩባንያዎችም አንዱ ሌላውን እየገዛ ቁጥራቸው አነሰ። ቀድሞ የሽቱትጋርትንና የራይት ፊልድን ሥራ በዓይናቸው ያዩት ሰዎች በዕድሜ እየገፉ ሄዱ። ኮሚቴው ከዚህ ጊዜ ጀምሮ የያዘው ተግባር በአንባቢ ዘንድ እንደ ጉባኤው አይታይም፤ ነገር ግን ከጉባኤው አያንስም። በሃይንሪክ ስም የተሰየመ አጭር የፓራሹት ትምህርት ለወጣት መሐንዲሶች ይሰጥ ጀመር። ፓራሹት በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ራሱን የቻለ ትምህርት ስላልሆነ፣ ከአውሮፕላን ክንፍ ትምህርት የመጣ ወጣት ሙያውን በመጀመሪያ የሚሰማው ብዙውን ጊዜ በዚህ ትምህርት ላይ ነው። ለሙያው ታላቅ አገልግሎት ላበረከተ ሰው የሚሰጠው ሽልማት ደግሞ በክናከ ስም ተጠራ። ክናከ ራሱ በ80 ዓመት ዕድሜው፣ በ1991፣ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል የጻፈው የፓራሹት ንድፍ መጽሐፍ ታተመ። ዛሬም በዚህ ሙያ የሚሠራ መሐንዲስ በጠረጴዛው ላይ የሚያኖረው ይህን መጽሐፍ ነው። በ2001 አረፈ። ኮሚቴው በየዓመቱ መጨረሻ በማኅበሩ መጽሔት በኤሮስፔስ አሜሪካ ላይ የዓመቱን ሥራ በአጭሩ ያወጣል፤ ጥቂት አንቀጽ ብቻ ቢሆንም ለሙያው ታሪክ ጸሐፊ እንደ ዜና መዋዕል ያገለግላል።

የማስታወስ ችግር ምን ያህል ጽኑ እንደ ሆነ የማርስ ፓራሹቶች ታሪክ ያሳያል። በ1976 በማርስ ላይ ያረፉት ሁለቱ ቫይኪንጎች የተጠቀሙበት 16 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ፓራሹት፣ በ1972 በኒው ሜክሲኮ በባሎን ወደ ከፍታ እየተወሰደ ከድምፅ በፈጠነ በረራ ተሞክሮ ነበር። ሙከራው እጅግ ውድ ስለ ነበረ ከዚያ በኋላ የተነሡት መሐንዲሶች ለአርባ ዓመት ያህል በዚያው ውጤት ላይ ቆመው ሠሩ። የ1997ቱ ፓዝፋይንደር፣ የ2004ቱ ሁለት ተሽከርካሪዎች፣ የ2012ቱ ኪዩሪዮሲቲ የፓራሹታቸው ዓይነት ያው ነው። ሁሉም በሰላም አረፉ። በሰላም ማረፋቸው ግን የመሠረቱን ጥንካሬ የሚመረምር ሰው እንዳይኖር አደረገ። በ2014 እና በ2015 ናሳ በሃዋይ አጠገብ 30 ሜትር ስፋት ያላቸውን አዳዲስ ፓራሹቶች ከድምፅ በፈጠነ በረራ ሲሞክር ሁለቱም ተቀደዱ። ጥያቄው ከአዲሱ አልፎ ወደ አሮጌው ተሻገረ፤ ለመሆኑ የቫይኪንግ ዓይነቱ ፓራሹት በሚከፈትበት ቅጽበት ጨርቁ የሚሸከመውን ጉልበት በእርግጥ የሚያውቅ አለን? በ2017 እና በ2018 ሦስት ሙከራዎች በሮኬት ተደረጉ። በሦስተኛው ሙከራ ፓራሹቱ በግማሽ ሰከንድ እንኳ ባልሞላ ጊዜ ተከፍቶ ከ30 ቶን በላይ ክብደት ጋር የሚመጣጠን ጉልበት ቻለ። 21 ሜትር ተኩል ስፋት ያለው የዚሁ ፓራሹት አምሳያ በ2021 ፌብሩዋሪ 18 ቀን ፐርሲቪየራንስን በማርስ ላይ አሳረፈ። የመጀመሪያው የ2014 መቀደድ የተመዘገበው ካሜራ እያየው ሲሆን፣ ናሳ ፊልሙን ለሕዝብ አሳየ። በዚህ ጸሐፊዎች ሊመሰገኑ ይገባል፤ የተቀደደ ፓራሹት ማሳየት ለበጀት ጠያቂ መሥሪያ ቤት ቀላል አይደለምና።

ብዙ ሳይቆይ የአውሮፓ የሕዋ ድርጅት ተራ ደረሰ። በ2019 ሜይና ኦገስት ወር በስዊድን በኪሩና በተደረጉ ሁለት ሙከራዎች የኤክሶማርስ ፓራሹቶች፣ 35 ሜትር ስፋት ያለው ጭምር፣ ተቀደዱ። ጨርቁ የተጎዳው ገና አየር ሳይሞላው፣ ከከረጢቱ በሚወጣበት ጊዜ እንደ ነበረ ታወቀ። ድርጅቱ ነገሩን ይፋ አድርጎ የሌሎችን ሊቃውንት እርዳታ ጠየቀ። በካሊፎርኒያ የሚገኘው የናሳ የጄት ፕሮፐልሽን ቤተ ሙከራም ፓራሹትን ከከረጢቱ በኃይለኛ ፍጥነት እየሳበ የሚፈትን የምድር ላይ መሣሪያውን ለአውሮፓውያኑ አቀረበ። የአጣጠፉም የከረጢቱም ንድፍ ተለወጠ። እንዲህ ያለው መረዳዳት በመንግሥታት ውል ይፈጸም እንጂ፣ ችግር በመጣ ጊዜ ማን ለማን እንደሚደውል አስቀድሞ የሚታወቀው ሰዎቹ በጉባኤ አዳራሽ ተያይተው፣ አንዱ የሌላውን የተቀደደ ፓራሹት ጽሑፍ አንብቦ ስለ ነበረ ነው።

ጉባኤው ራሱ ከአሜሪካ ወጥቶ በ1993 ከእንግሊዝ ንጉሣዊ የኤሮኖቲክስ ማኅበር ጋር በለንደን፣ በ2005 በሙኒክ፣ በ2011 በደብሊን ተካሂዷል። 15ኛው በ1999 በፈረንሳይ በቱሉዝ ከተማ ነበር። 26ኛውም በ2022 ሜይ ወር በዚያችው በቱሉዝ ተሰበሰበ።